ስም ያልተጻፈበት የክብሪት ሣጥን

በመዶሻ ጫፍ ላይ ነበር እንጀራዬ፤
የፉርጎን ብረት እግር መትቶ መስማት ነበር ሥራዬ።
ጤነኛው ይዘፍናል፣ የተሰነጠቀው ያጉረመርማል።
ጆሮዬ ሲደክም "አበባ ክፍል ግባ" ተባልኩ፤
ጡረታዬ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል።

ሳምትሬዲያ ጣቢያ፣ አበባ ክፍል ማለት ዡዡና ናት ብቻ፤
አንድ ጋሪ አላት፣ አንድ የዛገ መኮትኮቻ፣
ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ሦስት መደብ አፈር፣
ከአበባው እኩል የሲጋራ ቁራጭ ሲያፈራ የሚያድር።

በመጋቢት አንድ ቀን፣ መጋዘኑ አፍስሶ፣
የዘሩን ፖስታ ሁሉ አገኘነው ርሶ፤
ቀለሙ ተጥቦ፣ ስሙ ሁሉ ጠፍቶ፣
ዘር ከዘር ተቃቅፎ፣ ተደባልቆ ተኝቶ።
"ይጣላ" አልኳት። አየችኝ።
"አንተ ብረትን በስሙ ነው እንዴ የምታውቀው?" አለችኝ።

ጋዜጣ ዘረጋች፤
በጥፍሯ ጫፍ ለይታ አንዷን ብድግ አደረገች፦

"ይቺን እያት። ቀጭን ናት እንደ መርፌ፤
ከታች ከሰል፣ ከላይ ገለባ፣
ሥዕሉን ጨርሶ ያረፈ ብሩሽ አትመስልህም?
ማሪጎልድ እሷ ናት።
ያቺኛዋ፣ የተጠቀለለችው፣ ትል መሳይ፣ ቆዳዋ ሻካራ፣
ካሌንዱላ ናት፤ ሰው በስም ያምታታታል ከዚህችኛዋ ጋራ።
ዘመዳሞች ናቸው፤ እህትማማች አይደሉም።
ቅጠሉ ሲወጣ ደግሞ ታሸዋለህ፤
ላባ ይመስላል፣ ጠርዙ መጋዝ ነው፤ ጣትህን ታሸታለህ።
ከከረፋህ፣ እሱ ነው።
ሌላው ሰው ፊቱን ያዞራል፤ እኔን ይርበኛል ሳሸተው።"

በሣጥን ዘራነው፤ ስስ አፈር አለበስነው፤
ከመስኮቱ ሥር፣ ከምድጃው ዳር አኖርነው።
በአምስተኛው ቀን አጎንብሶ ወጣ፣
የዘሩን ቆብ ገና ከራሱ ሳያወጣ።
"ውርጩ ሳይሄድ" ትላለች "ወደ ደጅ አታውጣው፤
ሌላውን ሁሉ ይችላል፤ አንድ ሌሊት ብርድ ነው የሚቀጣው።"

በግንቦት ተከልን። በስንዝር እየለካሁ አሰለፍኩ፤
ረጅሙን ከፊት፣ ድንክዬውን ከኋላ። ተሳሳትኩ።
ሐምሌ ላይ ረጅሙ ወገቤ ደረሰ፣ ራሱ ቡጢ አከለ፤
የጣቢያው አለቃ ጉቻ፣ ቆቡን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ እንዲህ አለ፦
"ታማዝ፣ ይሄ የአበባ መደብ ነው ወይስ የቲኬት ሰልፍ?
ሕፃናቱ ከኋላ፣ ጎረምሳው ከፊት የሚሰለፍ!"
ልነቅል ስል፣ ዡዡና "ተወው" አለች፤
"ከባቡር የሚወርድም ሰው አለ፤
ለሱ ድንክዬው ነው ፊት ለፊት የዋለ።"

የጠወለገውን ራስ በየጠዋቱ ቀነጠስኩ።
"ዘር ከያዘ" ትላለች "ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ይቀመጣል፤
ከቀማኸው ግን፣ እንደገና ያብባል።"
ጡረታዬን አሰብኩ።
ምንም አልተናገርኩ።

ጥቅምት ላይ ትእዛዝ መጣ፦ "ይነቀል፣ ውርጭ ሊወርድ ነው።"
ሲነጋ ጋሪዬን እየገፋሁ ብደርስ፣ መደቡ ራስ የለው!
ግንዱ ቆሟል፣ ቅጠሉ ቆሟል፤ አበባ አንድ እንኳ የለም።
ሌባ ብዬ ልጮህ ስል፣ ዡዡና ዓይኗን አላነሳችም።

እሁድ ቤቷ ጠራችኝ። ከጣሪያው ሥር፣ በክር ተሰክቶ፣
የጣቢያው መደብ በሙሉ ተንጠልጥሏል፣ ደርቆ፣ ቀልቶ።
ወቀጠችው፤ ከዋልነት ጋር ዶሮው ላይ ነሰነሰች፤
"ሀብታም ሳፍሮኑን ከሩቅ አገር ያስመጣል፤
የእኛ ግን በባቡር ጣቢያ ይበቅላል" አለች።
"ብላ። የሲጋራውን አመድ አራግፌዋለሁ።"
ያ ጣቴ ላይ የከረመ ሽታ ነው።
ሳህኑን በዳቦ ጠረግሁ።

በብርዱ ወራት ጡረታ ወጣች፤ ዙግዲዲ፣ ልጇ ጋ ገባች።
ቁልፉን ሰጠችኝ፣ መኮትኮቻውንም፤ ሌላ ምንም አላለች።

በመጋቢት መጋዘኑን ስከፍት፣ መደርደሪያው ላይ
አንድ የክብሪት ሣጥን።
ገለበጥኩት፤ ስም አልተጻፈበትም።
ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት፣ እንደ ድሮው፣ ነቀነቅኩት፤
ደረቅ ነው፤ አያጉረመርምም።
ከፈትኩት።

ከታች ከሰል፣ ከላይ ገለባ፤
ሣጥን ሙሉ ብሩሽ፣
ገና ምንም ያልቀባ።